ኤኤምቪ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አኒሜ ማየት አቃተኝ። እናንተስ?

ሌሊት_ቆራጭ | አዲስ አበባ | እሑድ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ውስጤ የቆየ ነገር ስላለ ላውጣው።

ትናንት ከታናሽ ወንድሜ ጋር አዲስ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ማለቴ ነው፣ ልንጀምር ተቀመጥን። ቡናው ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ መብራትም አለ። የመክፈቻው ዘፈን እንኳ ሳያልቅ ፖዝ አደረግኩት። የአንዲት ልጅ ፀጉር በነፋስ ሲበተን የሚያሳይ ቦታ ነበር። ደቂቃውን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ትንሽ ሄድንና ደግሜ አቆምኩ፤ ባቡር ድልድይ ሲሻገር። ጻፍኩ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስንደርስ 14 ቦታ መዝግቤያለሁ። ወንድሜ ሲኒውን አስቀመጠና «አንቺ እኮ አታዪም። ምስር ነው የምትለቅሚው» ብሎኝ ተነስቶ ወጣ።

እውነቱን ነው። ታሪኩ ስለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የልጅቷን ስም እንኳ አልያዝኩም። ፀጉሯ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ነጠላ ምስል ያህል እንደሚበተን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ለአዲስ ሰው ላስረዳ። ኤኤምቪ ማለት ከአኒሜ ላይ ትዕይንት እየቆረጡ፣ ራስ በመረጡት ዘፈን ላይ እንደገና መግጠም ነው። ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የመጨረሻው ሥራዬ 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፤ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ቀን ሥራ ስለምውል የምቆርጠው ሌሊት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሴቭ ያላደረግኩት ይጠፋል፤ አሁንማ እጄ በየደቂቃው ሳላዘው ሴቭ ያደርጋል። እወደዋለሁ። አንድ ቁራጭ ምቱ ላይ ልክ ሲያርፍ የሚሰማኝን ነገር ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ግን ድሮ አኒሜ ሳይ የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በፍላሽ አስጭኜ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ እስኪነጋ የማይ። ያቺ ልጅ የት ሄደች? መሥራቱ ማየቱን ገደለብኝ? ከሁለቱ አንዱን መተው አለብኝ? የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።


24_ደቂቃ | ሐዋሳ | እሑድ ማታ 4፡15

እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ብሏል። ቅር አይበልሽ።

እኔ ኤኤምቪ አልሠራም፤ ብዙም አላይም። ምክንያቴን ልንገርሽ። አንድ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ነው። የሠራው ሰው የትኛው ትዕይንት ስንት ሰከንድ ይቆይ ብሎ ተጨንቆበታል። የሚሮጠው እንዲሮጥ፣ የሚያርፈው እንዲያርፍ አድርጎ ነው የሰፋው። ኤኤምቪ ሠሪ ይመጣና የሚሮጠውን ብቻ ይወስዳል። ሰይፉን፣ ፍንዳታውን፣ እንባውን። ከወጡ ውስጥ ሥጋ ሥጋውን እየለቀመ እንደሚበላ ሰው ነው።

ጃፓናዊው የአኒሜ ፊልም ሠሪ ሀያኦ ሚያዛኪ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ከሮጀር ኢበርት ጋር ተጨዋውቶ ነበር። ኢበርት በፊልሞቹ ውስጥ ሰዎች ዝም ብለው የሚቀመጡበት፣ ተንፈስ የሚሉበት፣ ወራጅ ውኃ የሚያዩበት ቦታ ደስ እንደሚለው ነገረው። ሚያዛኪም ጃፓኖች ለዚህ ቃል አለን አለው። «ማ» ይሉታል፤ ባዶነት እንደ ማለት ነው። ከዚያ እጁን ሦስት አራት ጊዜ አጨበጨበ። በጭብጨባዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው «ማ» አለው።

«ስፒሪትድ አዌይ» በሚባለው ፊልሙ ላይ ልጅቷ ውኃ ላይ በሚሄደው ባቡር የምትሳፈርበትን ቦታ አስታውሺ። ጥላ የመሰሉ መንገደኞች ይወርዳሉ። ይመሻል። ማንም አያወራም። እኔ እዚያ ቦታ ላይ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ፣ እናቴ ትዝ አለችኝ። ድሮ ክፍለ ሀገር ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት እያየች ዝም የምትለውን ነገር። ይህ ስሜት በሁለት ሰከንድ ቁራጭ አይመጣም። ጊዜ ይፈልጋል። ኤኤምቪ የሚገድለው ይህንን ነው።

ምክሬ አጭር ነው። ለአንድ ወር ላፕቶፑን ዝጊው።


ፍሬም_በፍሬም | አዲስ አበባ | እሑድ ማታ 4፡32

@24_ደቂቃ ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው የምቃወምህ። አንተ ዝም ብሎ ማየት የምትለውን እኔ ዓመታት ኖሬበታለሁ። በአንድ ሌሊት 12 ክፍል እጨርስ ነበር። ጠዋት ምን አየህ ብትለኝ መልሴ «አሪፍ ነው» ብቻ ነው። መዋጥ ነበር እንጂ ማየት አልነበረም።

ኤዲት ስጀምር የቀስት ቁልፏን እየተጫንኩ ፍሬም በፍሬም መሄድ ለመድኩ። ዓይኔ የተከፈተው ያኔ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ያልፋል፤ 24 ሥዕል ግን አይሳልም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሥዕል ሁለት ወይ ሦስት ፍሬም ይቆያል። ስለዚህ በሰከንድ 12 ወይ 8 ሥዕል ነው። ሰው ሲያወራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊቱ አንድ ሥዕል ሆኖ አፉ ብቻ ይቀያየራል። የተዘጋ፣ ገርበብ ያለ፣ የተከፈተ። ሦስት አፍ። ገጸ ባሕርይዋ ዘፈኑን የምትዘፍን እንድትመስል ያደረግኩት እነዚያን ሦስት አፎች እያፈራረቅኩ ነው። ለአንዲት ስንኝ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

ይህ ቁጠባ ከችግር የመጣ ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 እ.ኤ.አ. «አስትሮ ቦይ» የሚባለውን አኒሜ በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ማድረስ ሲጀምር ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም ነበር። ሥዕል ቀነሱ። አንዴ የተሳለውን ደግመው ደጋግመው ተጠቀሙበት። በቆመ ሥዕል ላይ ካሜራውን አንቀሳቀሱ። ይህን አንብቤው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይረሳኝ ነበር። እኔ ግን በጣቴ ነው ያወቅኩት።

አንድ ቀን አንድ ውጊያ እየቆረጥኩ ሳለ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ አዲስ ሥዕል ያለበት አንድ ሰከንድ አገኘሁ። ቆጠርኩት። 24። አንድም የተደገመ የለም። በዚያ ሁሉ ቁጠባ መሃል አንድ ሠዓሊ ለዚያች ሰከንድ ራሱን ሰጥቷል። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው «ዋው» ብሎ ያልፋታል። እኔ መብራቱን አጥፍቼ ደግሜ ደጋግሜ አየኋት። ይህ ማየት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሌሊት_ቆራጭ፣ ላፕቶፕሽን እንዳትዘጊው።


ብርቱካን_ሶዳ | ነታንያ | እሑድ ማታ 5፡05

ሁለታችሁም የረሳችሁት ሰው አለ። እኔን። ኤኤምቪውን የሚያየው ሰው።

ሰባት አኒሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጨረስኩት መጀመሪያ ኤኤምቪ አይቼ ነው። አንድ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አይቼ፣ ይህ ከየት ነው ብዬ ፈልጌ፣ 26 ክፍል አየሁ። ስለዚህ ኤኤምቪ ማየትን ይገድላል የሚለው ለእኔ አይሠራም። በር ነው የሆነልኝ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የመጨረሻውን ክፍል አትቁረጡብን! በጣም የምወደው ገጸ ባሕርይ እንደሚሞት ያወቅኩት ገና አራተኛ ክፍል ላይ እያለሁ፣ ኤኤምቪ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሲስቅ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። እባካችሁ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «መጨረሻውን ያሳያል» ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ነው።


ድሮ_ካሴት | ሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኞ ከሰዓት 10፡20

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ አሰኘኝ። እኔ ሃምሳውን አልፌያለሁ። ልጅ ሆኜ ነው አሜሪካ የገባሁት። ኤኤምቪ የሚለውን ቃል ሳላውቅ ነው የጀመርኩት፣ በቪሲአር፣ በቪዲዮ ካሴት ማጫወቻና መቅጃ።

ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በ1982 እ.ኤ.አ. ጂም ካፖስታስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ሁለት ቪሲአር አገናኘ። «ስታር ብሌዘርስ» ከሚባለው የጠፈር ጦርነት አኒሜ በጣም አስፈሪ የሆኑትን ውጊያዎች ለቀመ። የገጠማቸው ግን በቢትልስ ዘፈን ላይ ነው፤ የሚያስፈልግህ ፍቅር ብቻ ነው በሚለው ዘፈን። የመጀመሪያው ኤኤምቪ ሠሪ ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። እስቲ አስቡት። ያ ቪዲዮ ልብ የሚይዘው ሰውየው አኒሜውን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያውቀው ነው። በጣም አስፈሪው የቱ እንደሆነ ለመምረጥ ሁሉንም ማየት አለብህ።

በቪሲአር እንዴት እንደሚቆረጥ ልንገራችሁ። የማጫወቻውን ካሴት የምትፈልጉት ቦታ ላይ ታቆማላችሁ። መቅጃው ፖዝ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለቱን ቁልፎች ትለቃላችሁ። መቅጃው ግን ከፖዝ ሲነሳ ወዲያው አይዝም፤ ትንሽ ይዘገያል። የእያንዳንዱ ማሽን መዘግየት የተለያየ ነው። የእኔን በጆሮዬ ነበር የማውቀው፤ «ጭቅ» ካለ በኋላ አንድ ትንፋሽ። ያችን ትንፋሽ ያህል ቀድሜ እጫናለሁ። ከሳትኩ መሃሉን ብቻ አውጥቼ ማስተካከል አልችልም። ከዚያ ቦታ ጀምሮ እንደገና ነው። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል። ካሴቱን ብዙ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማመላለስም ያበላሸዋል።

ስለዚህ ምን እናደርግ ነበር? አስቀድመን እናያለን። ወረቀት ሳንይዝ፣ እስኪወጣልን። ዘፈን ስሰማ ትዕይንቱ ራሱ ከጭንቅላቴ ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ካሴቱን የምነካው። ሌሊት_ቆራጭ፣ ልጄ፣ የአንቺ ነገር ይህ መሰለኝ። ኤዲት ማድረግሽ አይደለም ጥፋቱ። ሳታውቂው መልቀም መጀመርሽ ነው። ኮምፒውተሩ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ መቁረጥ ያስችልሻል። ለእኛ ቪሲአሩ አያስችለንም ነበር። ችግራችን ሳንፈልግ እንድናይ አደረገን።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ2000 እ.ኤ.አ. ለኤኤምቪ ብቻ የሚሆን ድረ ገጽ ተከፈተ፤ ሠሪዎች እርስ በርስ «ኦርግ» እያሉ ይጠሩታል። እዚያ ሰው ቪዲዮህን አይቶ ረጅም አስተያየት ይጽፍልህ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ የዘፋኞቼ ዘፈን ያለባቸውን ቪዲዮዎች ከገጹ አንሱ ብሎ ጠየቀና በሺህ የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተነሱ። የብዙ ሰው ሌሊት ነው የተነሳው። ኋላ ደግሞ ዩቲዩብ ዘፈኑን በራሱ የሚለይ ሥርዓት ዘረጋ።

ኦታኮን የሚባለው ትልቁ የአኒሜ ጉባኤ ለዓመታት ባልቲሞር ነበር፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋሽንግተን ነው። የኤኤምቪ ውድድሩን በትልቅ አዳራሽ፣ በጨለማ፣ ሙሉ ሕዝብ ሆኖ ያየዋል። ሰው እኩል ሲስቅ፣ እኩል ዝም ሲል መስማት ሌላ ነገር ነው። አዳራሹ ከ9ኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙ አይርቅም። አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ ስበላ፣ የአኒሜ ልብስ የለበሱ አራት ልጆች ገቡ። ትልልቅ ጓንታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና እጃቸውን ታጥበው በያይነቱ በሉ። አንደኛው የኛ ልጅ ነበር። ሌሎቹን አጎራረስ ያስተምራቸዋል።


ፍሬም_በፍሬም | አዲስ አበባ | ሰኞ ከሰዓት 10፡48

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ጭቅ ካለ በኋላ አንድ ትንፋሽ» የሚለውን ሦስቴ አነበብኩት። እኔ ሁለት ፍሬም ሲያልፈኝ የምነጫነጭ ሰው ነኝ። አሁን አፈርኩ።


ካራክ_ሻይ | ዱባይ | ሰኞ ሌሊት 6፡30

እኔ ኤዲት አልችልም። ያለኝም ስልክ ብቻ ነው። ካፌ ነው የምሠራው። ቆሜ ውዬ ማታ ስገባ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ አንድ ክፍል አያለሁ። አንድ ብቻ፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ የማየት ወገን ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ጋሼ ስለ ካሴቱ ሲጽፉ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

ደሴ ነው ያደግኩት። ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ ያለው አንድ ጎረቤት ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን። ስፔስቱን፣ የልጆች ጣቢያውን። ሁሉም ነገር በዓረብኛ ነው። አንድም ቃል አይገባንም። ያንን ኳስ ተጫዋች የማያስታውስ አለ? ካፒቴን ማጂድን? በጃፓንኛ ቱባሳ ነው ስሙ፤ እኛ ግን ማጂድ ነው የምናውቀው። ሮጦ ሮጦ ሜዳው አያልቅም። ኳሷ ተመትታ አየር ላይ እያለች ስንት ነገር ይታሰባል፣ ስንት ሰው ያለቅሳል።

የጎረቤታችን ትልቁ ልጅ ተርጓሚያችን ነበር። እሱም ዓረብኛ አይችልም። ግን ይተረጉማል! «አሁን ይህችን ኳስ ካላገባ አባቱ ከቤት ያባርረዋል» ይለናል። እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን። «በረኛው ታሞ ነው የመጣው፣ ለእናቱ መድኃኒት መግዣ ነው የሚጫወተው» ይለናል። እናለቅሳለን።

አሁን ዓረብኛ እሰማለሁ፤ ስምንት ዓመት ሆነኝ እዚህ። ባለፈው ረመዳን ሥራ ቀለል ሲል ማጂድን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ከመጀመሪያው አየሁት። የሚያባርር አባት የለም። መድኃኒትም የለም። ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት። ጥሩ ነው፣ ግን ቅር አለኝ። የእኛ ማጂድ ሌላ ሰው ነበር። እዚያች ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ አሥር ልጆች ሆነን ሠርተነዋል።

እና ልጠይቃችሁ። እናንተ «ዝም ብሎ ማየት» የምትሉት መቼ ነው የነበረው? እኔ ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም። መቀስ አልያዝኩም እንጂ።


24_ደቂቃ | ሐዋሳ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

@ካራክ_ሻይ እህቴ፣ ይህን ያነበብኩት ሥራ ልገባ ስል ነው፤ ታክሲ አሳለፈኝ። ሐዋሳም እንዲሁ ነበር። የእኛ ሰፈር ተርጓሚ ሴት ነበረች።

አሳቤን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። እናንተ ምንጣፉ ላይ የሠራችሁት ታሪክ ከኳሷ ጋር አብሮ ነው የሄደው። ኳሷ ከአየር ላይ እስክትወርድ ጠብቃችኋል። ስለጠበቃችሁ ነው የፈጠራችሁት። የዛሬዎቹ የ15 ሰከንድ ቪዲዮዎች ኳሷ ሳትመታ ጎሉን ያሳዩሃል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ ለሠሪዎች። ሥዕሉ የእናንተ አይደለም፣ ዘፈኑም የእናንተ አይደለም። ፍሬም_በፍሬም ያገኛትን 24 ሥዕል የሳለው ሰው ስም ቪዲዮው ላይ አለ?


ፍሬም_በፍሬም | አዲስ አበባ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡25

የአኒሜው ስም አለ፣ የዘፋኙም አለ። የሠዓሊው የለም። ክፍሉ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ ያልፋል፤ እኔ ቆርጬ ነው የምጥለው። ጥያቄህ ልክ ነው። ዛሬ ማታ ዝርዝሩን ከፍቼ በጃፓንኛ የተጻፈውን እያስተረጎምኩ የክፍሉን ሠዓሊዎች ሁሉ እጽፋለሁ። የትኛው እንደሳላት ባላውቅም አንዱ እዚያ ውስጥ ነው።


ክራር_ቃኚ | ባሕር ዳር | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ከክርክሩ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ስለ ዘፈን ማንም አላነሳም። አብዛኛው ኤኤምቪ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ሮክ ነው። እኔ በክራር ነው የምሠራው። ምክንያቴ የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ስለሚገጥም ነው። የትዝታ ማይነር አምስቱ ድምፆች ጃፓኖች ዮናኑኪ ከሚሉት ቅኝታቸው ማይነር ጋር አንድ ናቸው። የትዝታ ሜጀርም ከዮናኑኪ ሜጀር ጋር እንደዚሁ። የድሮ የጃፓን ዘፈን የሰማ ሐበሻ «ይህ የኛ አይደለም እንዴ?» የሚለው ለዚህ ነው። ትዝታን ዝናብ ለሚዘንብበት የጃፓን ጎዳና ብትሰጡት አይቃወማችሁም።

ችክችካ ግን ፈተነኝ። አንዲት ገጸ ባሕርይ ትከሻዋን የምታንቀሳቅስበት ቦታ ነበር። እስክስታ የምትመታ እንድትመስል ፈለግኩ። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ጠንካራ ምት አለው። ከምት እስከ ምት ግማሽ ሰከንድ፣ 12 ፍሬም ማለት ነው። ችክችካ ያንን ለሦስት ይከፍለዋል፤ 4፣ 4፣ 4። ቁርጡን ምቱ ላይ ልክ አሳርፌዋለሁ፤ ትከሻዋ ግን አልመታ አለ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ፍሬም በፍሬም ስሄድ ገባኝ። እንቅስቃሴዋ የተሳለው አንዱ ሥዕል ሦስት ሦስት ፍሬም እየቆየ ነው። እሷ በ3 ትሄዳለች፣ ከበሮው በ4 ይሄዳል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ እያንዳንዱን 4 ፍሬም አቆየኋቸው። ትከሻዋ ወረደ። ከወንበሬ ተነስቼ አብሬያት መታሁ!

@24_ደቂቃ ወንድሜ፣ ያቺን ልጅ ከዚህ በላይ በደንብ ያያት ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ከሳላት ሰው በቀር።


24_ደቂቃ | ሐዋሳ | ማክሰኞ ማታ 2፡12

ይህንንስ አልከራከርም። ቪዲዮውን ላክልኝ።


ሌሊት_ቆራጭ | አዲስ አበባ | እሑድ ማታ 4፡50

ሳምንቱን ሙሉ እያነበብኳችሁ ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ «ሳታውቂው መልቀም» ያሉኝ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ትናንት ወንድሜን ለመንኩት። ላፕቶፔን እናቴ ክፍል አስቀመጥኩ፣ ስልኬንም እዚያው። በቴሌቪዥኑ፣ በፍላሽ። አዲስ ነገር አልመረጥኩም። አራት ወር የደከምኩበትን፣ የመጨረሻው ኤኤምቪዬን የሠራሁበትን አኒሜ ነው ያየነው። ስሙን አልጠራም፤ ብርቱካን_ሶዳ እንዳትቆጣኝ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ልጅቷ በዝናብ ቤቷ ትገባና ዣንጥላዋን ታጥፋለች። ይህችን ቦታ በእንቅልፍ ልቤ አውቃታለሁ። ዣንጥላው «ቀጭ» ብሎ ሲዘጋ ከከበሮው ጋር ገጥሜዋለሁ። ከቪዲዮዬ ሁሉ ሰው ያደነቀልኝ ያችን ነው። «ቀጭ» ሲል እጄ ሳላስበው ወደ ስልኬ ሄደ። ስልክ የለም።

ትዕይንቱ አላለቀም። ቀጠለ። ልጅቷ ዣንጥላውን በር አጠገብ ካለው ማስቀመጫ ውስጥ ታቆመዋለች። ከዚያ ምንም አይሆንም። ውኃ ይንጠባጠባል። ውኃው ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይሄድና ከጎኑ ወዳለው ሌላ ዣንጥላ ይደርሳል። ያኛው ዣንጥላ ደረቅ ነው። ጫፉ ላይ አቧራ አለ። ልጅቷ ታየዋለች፤ አንድ ቃል አትናገርም። ቆጠርኩት፣ ልማድ ነውና። ዘጠኝ ሰከንድ።

ደረቁ ዣንጥላ የወንድሟ ነው። ከቤት መውጣት ያቆመው ወንድሟ። ታሪኩ ሁሉ ስለ እሱ ነው። እኔ ለአራት ወር እዚያች ቦታ ላይ ስቆርጥ፣ ልጅቷ የጠፋ ፍቅረኛ የምትናፍቅ አስመስያታለሁ። ዘጠኟን ሰከንድ አንድም ቀን አላየኋትም። ሁልጊዜ «ቀጭ» ላይ ነው የምቆመው።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። አለቀስኩ እንዴ ብሎ ነው። አልቅሻለሁ። ፈንዲሻውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ እንጂ ምንም አላለኝም። አምስት ክፍል አየን።

24_ደቂቃ፣ ላፕቶፑን ለአንድ ወር አልዘጋሁትም፤ ይቅርታ። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ቪዲዮውን እንደገና ጀመርኩ። ዘጠኙን ሰከንድ ልመልሳት እፈልጋለሁ፤ እስከ ደረቁ ዣንጥላ ድረስ። ችግሩ ዘፈኑ ነው። ከሁለተኛው አዝማች በፊት ድምፃዊቷ ትንፋሽ የምትወስድባት ቦታ አለች፤ ሁለት ሰከንድ ብትሆን ነው። ዘጠኝ አይገባበትም። ትዕይንቱን ማፍጠን አልፈልግም፣ ዘፈኑን ማርዘምም አይሆንልኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?


ድሮ_ካሴት | ሲልቨር ስፕሪንግ | እሑድ ሌሊት 7፡15

ልጄ፣ ዘፈኑን አቁሚው። ትንፋሽ ስትወስድ ቁረጪው። የአኒሜውን የራሱን ድምፅ መልሺ፤ ዝናቡንና ጠብታውን ብቻ። ዘጠኙ ሰከንድ ሲሞላ ድምፃዊቷ ካቆመችበት ትቀጥል። ሰው ቪዲዮው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ይምሰለው። ውኃው ደረቁን ሲነካ ይገባዋል።


ሌሊት_ቆራጭ | አዲስ አበባ | እሑድ ሌሊት 7፡21

እሺ ጋሼ። አሁን መብራት የለም። እንደመጣ እሞክረዋለሁ፣ ከእናንተ በፊት ግን ለወንድሜ አሳየዋለሁ።